ወተት የለሽም ያሉኝ ሰሞን

ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ቀን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ባለቤቴ ጥቅል ጎመን ፍለጋ ወጣ። ግቢያችን በር ላይ የምትቸረችረው ልጅ ዕቃዋን ሸክፋ ልትሄድ ስትል ደረሰባት። ሁለት ጎመን ይዞ ተመለሰ። አንዱን ቅጠል በቅጠል ገነጣጥሎ አጠበና ፍሪጅ ውስጥ ከተተው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እኔ አራሷ በሁለቱም ጡቴ ላይ የጎመን ቅጠል ለጥፌ፣ ግድግዳ ተደግፌ አለቅሳለሁ። እሱ ሳቁ መጥቷል፣ ግን ፈራኝ።

ጎመኑን ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘሁት። ሌላ የምይዘው የምጨብጠው አጥቼ ነበር። ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ልጅቷ ልትይዘው ትሞክራለች፣ ያዳልጣታል፣ ታለቅሳለች። እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ። የሚገርመው በዚያው ቀን ጠዋት አክስቴ ጡቴን በሁለት ጣቷ ጨመቅ አድርጋ፣ የወጣውን ጠብታ አይታ፣ ለእናቴ በሹክሹክታ "ወተት እኮ የላትም" ብላት ነበር። ሹክሹክታ የሚባለው የአክስቴ ድምፅ ደረጃው ድረስ ይሰማል።

ጡት ማጥባት ተፈጥሮ ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ላም ታጠባለች፣ ድመት ታጠባለች፣ እኔን ምን ያቅተኛል? ለምጡ ተዘጋጅቼ ነበር። አተነፋፈስ ተለማምጃለሁ፣ ሻንጣዬን ከወር በፊት አዘጋጅቻለሁ፣ ነጭ ካልሲ እንኳ ገዝቻለሁ። ስለ ጡት ግን አንድ መስመር አላነበብኩም። ምን ይነበባል? ልጁ ይራባል፣ ጡት ይሰጠዋል፣ አለቀ።

እናቴ ገጠር ነው ያደገችው። አሥር ዓመት ሳይሞላት የስንት አራስ ቤት ገብታ ወጥታለች። የእህቷን ልጅ ተቀብላ አዝላለች፣ ሲያለቅስ ለእናቱ መልሳለች፣ እናቱ እንዴት አድርጋ እንዳቀፈችው ቁጭ ብላ አይታለች። ማንም አላስተማራትም፣ ግን ተምራዋለች። እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ ነኝ። የሚያጠቡ ሴቶች አይቻለሁ፣ ታክሲ ውስጥም፣ ቤተ ክርስቲያንም። ሁሉም በነጠላ ተሸፍነው ነው። ከነጠላው ሥር ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ቀን ላይ የመጣው ወፍራም፣ ቢጫ፣ እንደ ማር የሚሳብ ነገር ነበር። እንገር። አማቴ አይታው "ይኼ ምኑን ወተት ሆነ?" አለች። ከቦርሳዋም ከገጠር የመጣ ለጋ ቅቤ በብልቃጥ አወጣች። ለአንጀቷ ነው፣ ትንሽ ብቻ ትላስ። እኔ እንዲሰጣት አልፈልግም አልኩ። ቅያሜ ሆነ። ቅያሜው እስከ ክርስትናዋ ድረስ፣ ማለትም ድፍን ሰማንያ ቀን ቆየ ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን አስቡት። የላም እንገር ሲገኝ ተፈልቶ፣ ለልጅ ለአዋቂ ተብሎ፣ ተሻምተን ነው የምንበላው። የእናት ሲሆን "ቆሻሻው ይፍሰስ" የሚሉ አሉ። ያ ቢጫ ነገር በሽታ የሚከላከል ንጥረ ነገር የታጨቀበት ነው፣ የመጀመሪያ ክትባት የሚሉት ያለ ነገር አይደለም። መጠኑም ያነሰው ስለማያስፈልግ ነው። የአንድ ቀን ልጅ ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከአንድ ሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ዋናው ወተት የሚመጣው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ነው እንግዲህ እኔ ጎመን የለጠፍኩት።

ከጠጠረው ጡት የባሰው ግን ቁስሉ ነበር። አራተኛው ቀን ላይ የሁለቱም ጡቴ ጫፍ ተሰንጥቋል። ልጅቷ አፏን ስትከፍት እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የእግሬ ጣቶች ይጨበጣሉ። እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ስትለቀው ጫፉ በአንድ ጎን ተጨፍልቆ፣ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንዴ በከንፈሯ ጠርዝ ላይ ደም አየሁ፣ የእሷ መስሎኝ ጮህኩ። የእኔ ነው። አማርኛችን "የእናት ጡት ነካሽ" ብሎ ከሃዲን ይሰድባል። የአራት ቀን ልጄን በልቤ እንደዚያ ብያታለሁ። ይቅር ትበለኝ።

የምጠይቀው ሰው ሁሉ መልስ ነበረው። "ቻይው፣ ይለመዳል።" "ሁላችንም አልፈንበታል።" "ቅቤ ቀቢው።" "ሳሙና አድርገሽ እጠቢው፣ ይጠነክራል።" ሳሙናውን ሞከርኩት። ያለውን ቅባት ጠርጎ አደረቀውና የባሰ ተሰነጠቀ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ለምን ትሰቃያለሽ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮውን ግዢ" ብላ ጽፋልኝ ነበር። ባለቤቴ ገዛ። ቆርቆሮው ሳይከፈት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

አምስተኛው ቀን ላይ የሦስተኛ ፎቋ ሲስተር አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው አራስ ሊጠይቁ መጡ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ግቢያችን ውስጥ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላቸው። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብዬሽ ነበር፣ አወጣችሽ" ብለው ሳሙኝ። ከዚያ ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት። እናቴ መጋረጃውን ድርብ አድርጋ ዘግታዋለች። ምች አለ፣ ዓይን አለ።

"መጋረጃውን ግለጡልኝ" አሉ።

"ኧረ ሲስተር፣ አራስ እኮ ናት!"

"ምቹ እኔን ይምታኝ። እስቲ ሲያጠቡ ልያቸው።"

እናቴ ቅር እያላት ገለጠችው። ሲስተር በርጩማውን ሳብ አድርገው ጉልበቴ አጠገብ ተቀመጡ። "እኔን አትይኝ። እንደ ሁልጊዜው አጥቢ" አሉኝ። ልጅቷን በግራ ክንዴ አጋደምኳት፣ ጎንበስ አልኩና ጡቴን አፏ ውስጥ ከተትኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። እሳቸው ዝም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንዴ የልጅቷን አፍ፣ አንዴ የእኔን ትከሻ ያያሉ። ምናልባት አምስት ደቂቃ ይሆናል። በአምስት ቀን ውስጥ ከሃያ የማያንስ ሰው መክሮኛል። ሳጠባ ያየኝ ግን የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ነበሩ።

"ልጄ፣ አንቺ ጡቱን ወደ ልጅቷ እየወሰድሽ ነው" አሉ በመጨረሻ። "ልጅቷን ወደ ጡቱ አምጪያት። ጀርባሽንም ተይው ይረፍ።"

ከወገቤ ኋላ ትራስ አደረጉልኝ። ልጅቷ ጣሪያ እያየች፣ አንገቷን ብቻ ወደኔ አዙራ ነበር የምትጠባው። "አንገትሽን ወደ ትከሻሽ አዙረሽ ውሃ ጠጪ እስቲ" አሉኝ። ሞከርኩት። አይዋጥም። ልጅቷን ሙሉ በሙሉ ወደኔ አዞሯት፣ ሆዷ ሆዴ ላይ ተለጠፈ። ጆሮዋ፣ ትከሻዋና ዳሌዋ በአንድ መስመር ዋሉ። ከዚያ አፍንጫዋ ከጡቴ ጫፍ ትይዩ እንዲሆን አደረጉና "አሁን ጠብቂ" አሉ። ምን እንደምጠብቅ አልገባኝም። ጫፉ ላይኛው ከንፈሯን ሲነካት ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አዘንብላ አፏን እንደሚያዛጋ ሰው በረገደችው። "አሁን!" ብለው ጀርባዋን ገፋ አደረጓት። አገጯ መጀመሪያ ጡቴ ላይ አረፈ፣ ቀጥሎ አፏ ሞላ።

ጫፉን አይደለም ለካ የምትጠባው። ዙሪያውን ያለውን ጥቁሩን፣ በተለይ ከታች በኩል ያለውን ብዙውን ጎርሳ ነው። ታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ጉንጯ ሞልቷል፣ አይሰረጎድም። መጀመሪያ ፈጠን ፈጠን አለች፣ ከዚያ ረጋ ብላ በጥልቀት ትስብ ጀመር። በየሁለት በየሦስቱ ሳብታ ትንሽ ድምፅ ይሰማል፣ ጉሮሮዋ ላይ። ስትውጥ ነው። በአምስት ቀን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የእግሬ ጣቶች መፈታታቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

እንዲህ ስጽፈው በአንዴ የተሳካ ይመስላል። አይደለም። በዚያች ከሰዓት ብቻ ሰባት ስምንት ጊዜ አስለቅቀን እንደገና ጀምረናል። ማስለቀቅም ዘዴ አለው። ዝም ብሎ መንጭቆ ማውጣት ነው እኔን ያቆሰለኝ ሌላው ነገር። ትንሿን ጣት በከንፈሯ ማዕዘን በኩል አስገብቶ አየሩን ማስገባት ነው፣ በራሷ ትለቃለች። ቁስሉ ላይ ደግሞ ከጠባች በኋላ የራሴን ወተት ጠብታ ቀብቼ በአየር እንዲደርቅ መተው። ሳሙና የለም፣ በየቀኑ ገላ ስታጠብ የሚነካው ውሃ ይበቃዋል። በሳምንቱ ቁስሉ ገጠመ።

ስለጠጠረው ጡትም ጠየቅኳቸው። ጡቱ ከጠጠረ ልጅ ሊጎርሰው አይችልም፣ ኳስ መንከስ በሉት። ስለዚህ ከማጥባት በፊት ለብ ያለ ፎጣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ በእጅ ትንሽ ማለብ፣ ጥቁሩ ክፍል እስኪለሰልስ ብቻ። ወይም በጣቶች ጫፍ ጫፉን ከብቦ ወደ ደረት ለአንድ ደቂቃ ያህል ጫን ማለት። ካጠቡ በኋላ ቀዝቃዛ ፎጣ። እስኪደርቅ አልቦ መድፋት ግን የባሰ ያመጣል፣ ጡት የተወሰደበትን ያህል ይተካልና። ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ በቀንና በሌሊት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ። እኔ "ጡቴ ይረፍ" ብዬ አራት አራት ሰዓት እየጠበቅኩ ነበር። ራሴ ነኝ ድንጋይ ያደረግኩት።

"ጎመኑስ ሲስተር?"

"ቅዝቃዜው ነው የረዳሽ። የቀረውን ሥሪው።"

ተሠራ። በካሮት።

ያን ዕለት ማታ እናቴ መጋረጃውን መልሳ ዘጋችው፣ እውነት ለመናገር። ግን መብራቱን አበራችና ከበርጩማው ላይ ተቀምጣ ታየን ጀመር። "ገፋ አድርጊያት፣ አሁን" ትለኛለች። የምታውቀውን ነገር ነው ለካ ረስታው የነበረው። ወይም እንደምታውቀው አታውቅም ነበር።

የ"ወተት የለሽም" ጉዳይ ግን አላበቃም። ልጅቷ ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች። በአምስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሲመዝኗት 2.85። አክስቴ ይህን ስትሰማ "አላልኩም?" አለች። ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት እንደሚቀንሱ፣ እስከ አሥር በመቶ ድረስ እምብዛም እንደማያስደነግጥ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ መልሰው እንደሚያገኙት ማን ነግሯት? እኔንስ ማን ነግሮኝ? ያን ማታ ቆርቆሮውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ መመሪያውን ሳነብ አደርኩ።

በነጋታው ሲስተር ጋ ደወልኩ። "ስንት ዳይፐር አረጠበች?" አሉኝ። አልቆጠርኩም። "ወተት መኖሩ ከጡት አይታወቅም፣ ከዳይፐር ነው። ቁጠሪ።" ከአምስተኛ ስድስተኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ በደንብ የረጠበ ዳይፐር፣ ሰገራዋም ከጥቁር ወደ ቢጫ የተለወጠ። ባለቤቴ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጠፈና በብዕር መስመር ማስመር ጀመረ። የሒሳብ ባለሙያ እኔ ነኝ፣ ቆጠራው ግን የእሱ ሆነ። ሰባት። ስምንት። ሰባት። በአሥራ አራተኛው ቀን ሚዛን ላይ 3.2 መጣች። ወረቀቱን እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። ምሽት ላይ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስትና አራት ሰዓት፣ አንዱን ጡት ስትለቅ ሌላውን፣ ሌላውን ስትለቅ አንዱን፣ መሃል ላይ ለቅሶ። ማንም ቢያይ ልጅቷ ርቧታል ይላል። እኔም ያልኩት እንደዚያ ነው። ብዙ ሕፃናት ምሽት ላይ እንዲህ ጡት ይደራርባሉ፣ ዳይፐሩ ካልቀነሰና ክብደቷ ከጨመረ ችግር የለውም። በወር ገደማ ደግሞ ጡቴ ለሰለሰ፣ መወጠሩን ተወ። እንደገና "ደረቀ!" ተባለ። አልደረቀም። ሰውነቴ ስንት እንደሚያስፈልጋት ለክቶ ያወቀው ያኔ ነው። ቆርቆሮ በዚህ ሰዓት ሲከፈት ነው ነገሩ የሚበላሸው። አንድ ጡጦ ስትጠጣ አንድ ጊዜ ትዘላለች፣ ጡቱ "አያስፈልግም" ብሎ ይቀንሳል፣ ነገ ሁለት ጡጦ ይሆናል።

ይህን ስል ቆርቆሮ የከፈተችን ሁሉ እየወቀስኩ አይደለም። አንድ ጓደኛዬ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷታል። ወተቷ በሳምንቱም አልመጣም። ልጇ ዳይፐር ላይ የምታስቀረው ጠብታ ሽንት የጡብ ዱቄት ይመስል ነበር፣ እንቅልፍም አበዛች። ለእሷ ቆርቆሮው ነፍስ ነው። ዳይፐር የምቆጥረው ለዚህም ነው። ካነሰ ጤና ጣቢያ ለመሮጥ፣ ከበቃ አክስትን ለመቻል።

አክስቴን ካነሳሁ አይቀር። በስድስተኛው ቀን ልጅቷ ስታለቅስ አፏን አይታ "እንጥሏ ወርዷል፣ ለዚህ ነው የማትጠባው። የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያኔ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደም አፍስሶ፣ አመርቅዞ የስንት ሕፃን ሕይወት እንደቀጠፈ በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሥዕሉን አይተን ያደግን ትውልድ ነን። አሁንም ግን፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ይመጣል። ልጅ መጥባት ሲያቅታት ሁሉም ጥፋተኛ ይፈልጋል። ወይ የእናት ጡት ነው፣ ወይ የልጅ እንጥል። አቀማመጧን የሚጠረጥር የለም።

በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ናቸው ይላል። ሳነበው ገረመኝ። ጡት ያልቀመሰ ልጅ በሌለበት አገር ቀሪው 42 የት ሄደ? ከዚያ የእኔን ክፍል አሰብኩት። ቅቤው፣ ውሃው፣ ጤና አዳሙ፣ ቆርቆሮው። ሁሉም በፍቅር ነው የቀረበው።

ስለ አብሽ ይጠይቁኛል። ጠጥቻለሁ። ወተት ጨምሮልኝ እንደሆነ ምዬ አልናገርም፣ ጥናቶቹም ወዲያና ወዲህ ናቸው። ላቤ አብሽ አብሽ መሽተቱን ግን እመሰክራለሁ። አጥሚትና ገንፎ ሌላ ነገር ነው። የምታጠባ ሴት ከወትሮዋ በላይ መብላት አለባት፣ እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ርቦኝ አያውቅም። ወተት የሚያመጣው ግን የልጁ መጥባት ነው። በተለይ የሌሊቱ፣ ወተት እንዲሠራ የሚያዘው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ስለሚል። ወተቱን ወደ ውጭ የሚገፋው ሌላኛው ሆርሞን ደግሞ ዓይን አፋር ነው። ሕመምና ጭንቀት ሲኖር ይደበቃል። ሳሎን ውስጥ አሥራ አንድ አራስ ጠያቂ ተቀምጦ "ጠባች? አልጠባችም?" ሲል ወተቴ አልወርድ ያለው ለዚህ ነው። ባለቤቴ እንግዳ መመለስ ሞት የሚሆንበት ሰው ነው። ግን ተማረ። በሩ ላይ ቆሞ "ተኝተዋል" ይላል፣ ጆሮው ቀልቶ።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ የባለቤቴ አጎት አርፈው ለቅሶ ሄድኩ። ጠባብ ጡት መያዣ አድርጌ፣ አምስት ሰዓት ያህል ሳላጠባ። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ በቡና ሰጠችኝ። ጠጣሁት። ልብሴን ስቀይር ግን ቀኝ ጡቴ ላይ በብብቴ በኩል ቀልቶ፣ ግሎ፣ ጓጉሎ አየሁት። ትኩሳቴ 39 ገብቷል። በነጋታው አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ጡቴን እንኳ ሳያይ "ወተቱ ተበክሏል፣ ለአንድ ሳምንት አታጥቢ" አለኝ። እናቴ ደግሞ እብጠቱን በቅቤ አሽታ ልታፈርጠው እጇን እያሟሟቀች ነው።

ሲስተር የእናቴን እጅ ያዙ። "አይታሽም። ውስጡ ያበጠ ሥጋ ነው፣ ስታሺው ይብሳል።" የነገሩኝ ተቃራኒውን ነው። ማጥባቱን እንደ ወትሮው ቀጥይ፣ ወተቱ ልጅቷን አይጎዳትም። ብታቆሚ ነው መግል የሚቋጥረው። ከመጠን በላይም አትለቢ። በረዶ በፎጣ ጠቅልለሽ ያዢበት፣ አይቡፕሮፌን ውሰጂ፣ ተኚ። በ24 ሰዓት ካልቀለለሽ አንቲባዮቲክ ያስፈልግሻል። አልቀለለኝም። ሌላ ሐኪም ጋ ሄጄ ከማጥባት ጋር የሚሄድ መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። መድኃኒቱን እስከመጨረሻው ጨረስኩት። ያ እብጠት ሳይጎድል እየለሰለሰ ቢቀር ኖሮ መግሉ በሐኪም መቀዳት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ጠባብ ጡት መያዣዬን ሁሉ ለእህቴ ሰጠሁ።

በመሃል ፈንገስም ነበር። የልጅቷ ምላስ ላይ የማይጠረግ ነጭ ነገር፣ የእኔ ጡት ደግሞ ካጠባሁ በኋላ እንደ ቃሪያ ይለበልባል። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ታከምን፣ አንዷ ብቻ ብትታከም ተመልሶ ይመጣ ነበር። አለፈ።

ከዚያ ሥራ መጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። የድሮው ከወሊድ በኋላ 60 ነበር፣ ስለዚህ ተመስገን ነው። ግን የሒሳብ ሰው ነኝና ልቁጠር። የዓለም ጤና ድርጅት ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ አጥቡ ይላል፣ ሕጉ ሦስት ወር ሰጠኝ። የቀረውን ሦስት ወር ማን ይሙላው? አባትየውማ ሦስት ቀን ነው የተሰጠው። አንዱን ቀን ጎመን ስንፈልግ ጨረስነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ በ2010 በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ተጽፎ ነበር፣ የእኔ መሥሪያ ቤት ግን የግል ነው።

ሽንት ቤት ውስጥ ማለብ አልፈለግኩም። ማንም ምሳውን ሽንት ቤት አያዘጋጅም። መዝገብ ቤቱን ለመንኩ፣ ቁልፉን ሰጡኝ። በቀን ሁለቴ፣ ከ2006 የግብር ሰነዶች ጎን በካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ የልጄን ቪዲዮ ስልኬ ላይ ከፍቼ አልባለሁ። ማሽኑ ሲያስቸግረኝ በእጄ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብለው፣ መጀመሪያ ወደ ደረት ጫን፣ ከዚያ ጭምቅ፣ ከዚያ ልቀቅ። በቆዳው ላይ መጎተት የለም። መጀመሪያ ሰሞን ከሁለቱ ጡት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ብልቃጧ ትሞላ ጀመር።

የቢሮው ፍሪጅ ውስጥ ስሜንና ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ። አንድ ባልደረባዬ ለሻይ ሊጠቀምበት ብልቃጡን ከፍቶ ካሸተተ በኋላ ነው የመጻፍ ሐሳብ የመጣልኝ። ምስኪኑ አንድ ሳምንት ዓይኔን አላየም። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ወራት ይቆያል ይባላል፣ መብራት የማይጠፋበት ሰፈር ላላችሁ። እኛ ቤት አንዴ ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ የአምስት ቀን ልፋቴ ቀለጠ። አንድ ጊዜ የቀለጠ መልሶ አይቀዘቅዝም። ያን ቀን ከወሊዱ ቀን የባሰ ነው ያለቀስኩት።

ጡጦ ብገዛም ልጅቷ አልቀበል አለች። ሲስተር "ሲኒ የላችሁም?" አሉ። እናቴ ከረከቦቱ ላይ አንድ ሲኒ አንስታ በፈላ ውሃ ቀቀለችው። ልጅቷን ቀና አድርጋ አቀፈቻት፣ የሲኒውን ከንፈር ታችኛው ከንፈሯ ላይ አሳረፈች፣ ዘነበል። ማፍሰስ የለም፣ ወተቱ ከንፈሯን እንዲነካ ብቻ። ልጄ ምላሷን አውጥታ እንደ ድመት ግልገል ትልስ ጀመር። ሲኒ ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ ይቀላል፣ ጡት ላይ ያለውን አጎራረሷንም አያበላሽባትም። ያ ሲኒ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ቀርቦበት አያውቅም። ረከቦቱ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ነው፣ እንግዳ ሲቆጥር እናቴ "የልጅቷ ነው" ትላለች።

አሁን ልጄ ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ሽሮ ትበላለች፣ ፍርፍር ትበላለች፣ ማታ ማታ ግን ነጠላዬን ገልጣ ገብታ የምትፈልገውን ታገኛለች። ስምንት ጥርስ አላት። አልፎ አልፎ ትነክሰኝና ፊቴን ቀና ብላ አይታ ትስቃለች። አክስቴ በቅርቡ "በቃት፣ ጣያት" ብላ ጫፉ ላይ የሚቀባ እሬት ላከችልኝ። ሙሉ ተክሉን፣ ከነማሰሮው። መጋረጃው በተገለጠበት በኩል፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ። በሳምንት አንዴ ውሃ አጠጣዋለሁ።